አራት ጋቢ በአንድ ማሽን

ሚዛን ከተማ ውስጥ ልብስ ማጠብ ማንም ይችላል፤ መከራው ማድረቁ ነው። ሰኞ ያሰጣሁት ሸሚዝ ሐሙስ ስነካው ልክ እንደ ሰኞው ሆኖ ይጠብቀኛል፤ ዓርብ ደግሞ ይብስበታል። ፀሐይ ወጣች ብዬ ልብሱን ገመድ ላይ ዘርግቼ ጀርባዬን ሳላዞር ደመናው በአጎራባቿ አማን በኩል ይመጣና እንደገና ያጥብልኛል። በዚህ የተነሳ ክረምት ላይ የከተማው ሰው ሁሉ፣ ሀብታሙም ድሃውም፣ አንድ ዓይነት ሽታ ይሸታል፤ የሻገተ ልብስ ሽታ። ሁላችንም ስለምንሸት ማንም ማንንም አይታዘብም። እኔም ለማስተማር እዚህ ከተመደብኩ ጀምሮ ከሽታው ጋር ተስማምቼ ነበር የምኖረው፤ ሽማግሌ መላክ እስካስፈለገኝ ጊዜ ድረስ።

እጮኛዬ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። እናቷ ከሞቱ ቆይተዋል፤ የምትኖረው አማን ውስጥ ከአባቷ ጋር ነው። እኚህ አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቡና ሲገዙ የኖሩ ሰው ናቸው። ከቴፒም ከጌጫም የመጣ ቡና ይቀርብላቸዋል፤ ከጆንያው እፍኝ ይዘግኑና ወደ አፍንጫቸው ያስጠጋሉ። «ይሄ መሬት ላይ ነው የደረቀው» ይላሉ። «ይሄ ዝናብ ነክቶታል።» «ይሄ ሻግቷል፤ መልሰው።» ሻጩ ቢምል ቢገዘት ዋጋ የለውም። አሁን እሳቸው ሥራውን ትተዋል፤ አፍንጫቸው ግን አልተወም።

እጮኛዬ አንድ ቀን እየሳቀች ስለ አንድ ሰው ነገረችኝ። ከእኔ በፊት ሊያገባት ፈልጎ ሽማግሌ ልኮ ነበር። አባቷ ሽማግሌዎቹን በወጉ ተቀብለው፣ በወጉ ሸኝተው፣ በሩን ከዘጉ በኋላ «የተዘጋ መጋዘን ሸተቱኝ» አሉ። ነገሩ በዚያው ቀረ።

እኔም አብሬያት ሳቅሁ። ቤቴ ገብቼ ግን የራሴን ካፖርት አሸተትኩ፤ መጋዘን ብቻ አይደለም፣ የመጋዘኑ ዘበኛም ነበረበት።

«አባትሽ እምቢ ቢሉስ?» ብዬ ጠይቄያት ነበር።

«አባዬ እምቢ ካለ እኔም የለሁበትም» አለችኝ። «ከእናቴ በኋላ ያለኝ እሱ ብቻ ነው። አስከፍቼው አላገባም።» እሷ አንዴ አይሆንም ካለች አይሆንም ነው፤ ስለዚህ ነገሬ ሁሉ በሽማግሌዎቹ ሽታ ላይ ተንጠለጠለ።

የመረጥኳቸው ሽማግሌዎች ሦስት ነበሩ። መሪያቸው አከራዬ ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ጡረታ የወጡ ሹፌር፣ አፋቸው የተባረከ፣ ስንት ሰው እንዳጋቡ ራሳቸው የማይሰለቻቸው ወሬ ነው። ሁለተኛው የትምህርት ቤታችን አንጋፋ የሒሳብ መምህር ናቸው። ሦስተኛው ጎረቤታችን የሆኑ የቤንች ተወላጅ አባት፣ ቡና ገበሬ፣ ቃላቸው አማን ድረስ የሚከበር ሰው ነበሩ። ሦስቱም ጋቢ አላቸው። ሦስቱም ጋቢዎች ይሸታሉ።

አንድን ሽማግሌ «ጋቢዎ ይሸታል» ብሎ መናገር የሚቻልበትን መንገድ እስከ ዛሬ አላገኘሁም። ስለዚህ «ለክብራችሁ ጋቢዎቻችሁን ላሳጥብላችሁ» አልኩ።

ጋሼ ተቆጡ። «ጋቢዬ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም ጋሼ። ለክብርዎ ነው።»

«ለክብሬ ከሆነ ካፖርቴንም ጨምርበት» አሉ።

በዚያ ሰሞን መንገድ ዳር አንድ ላውንደሪ ተከፍቶ ነበር። ባለቤቷ፣ እትዬ የምንላት፣ ማሽኑን ከጅማ በአይሱዙ አስጭና ያመጣች ሴት ናት። ማሽኑ ፊት ለፊት ክብ መስታወት ስላለው ልብሱ ሲገለባበጥ ይታያል። ሰው ልብሱን ሰጥቶ መሄድ ሲገባው አግዳሚው ላይ ቁጭ ብሎ ያይ ነበር። አንዳንዱ የሚያሳጥበው ሳይኖረው ይመጣል።

ሽማግሌዎቹ የሚሄዱት እሑድ ነው። ሐሙስ ጠዋት ሦስቱን ጋቢና የጋሼን ካፖርት በፌስታል አጭቄ ስደርስ እጮኛዬ ከላውንደሪው ስትወጣ ተገጣጠምን። እንደ ሌባ ደነገጠች።

«ምን ልታደርጊ መጣሽ?» አልኳት።

«አንተስ?»

«የሽማግሌዎቹን ጋቢ ላሳጥብ።»

«እኔም የአባዬን» አለችና እንባዋ መጣ።

ጋቢው እናቷ የሠሩት ነው። ጥጡን ራሳቸው ፈትለው፣ አሸምነው፣ ሁለቱን ወርድ በገዛ እጃቸው ሰፍተው የገጣጠሙት። አባቷ ከሳጥን የሚያወጡት ለትልቅ ቀን ብቻ ነበር። ከሚስታቸው ሞት ወዲህ ሌላ ሰው አያጥበውም፤ ራሳቸው በሳፋ፣ ለብ ባለ ውኃ፣ ሕፃን እንደሚታጠብ አድርገው ነው የሚያጥቡት። እሑድ ሽማግሌ ሊቀበሉበት አስበው ነበር። እጮኛዬ ቀድማ ሳጥኑን ስትከፍት ጋቢው ሻግቷል።

«የእማዬ ጋቢ ሻገተ ብዬ እንዴት ብዬ ልንገረው?» አለችኝ። «ዛሬ አሳጥቤ ነገ መልሼ ሳጥን ውስጥ አስገባዋለሁ። አያውቅም።»

«አያውቁም» አልኩ እኔም። በቡና ፍሬ ውስጥ ዝናብ የሚሸቱ ሰው አያውቁም ብለን ሁለታችንም ተጽናናን።

ካፖርቱን እትዬ በማሽን አይሆንም ብላ መለሰችልኝ። ሦስቱን ጋቢ ግን ከአራተኛው ጋር አንድ ላይ አጨቀቻቸው። ቦታ ተርፏል ብላ የአንድ መካኒክ ሰማያዊ የሥራ ቱታ፣ የጡረተኛ ርዕሰ መምህር ሱሪዎችና የሌላም ሰው ካልሲ ጨመረችበት።

«እትዬ፣ ቱታውን ከነጭ ጋር?» አልኳት።

«አትስጋ፣ ማሽኑ ያውቃል» አለችኝ።

ማሽኑ አጎራ፣ ውኃ ጠጣ፣ መሽከርከር ጀመረ። የእኔ ሽማግሌዎች ጋቢና የአማቴ ጋቢ፣ እኛ ሳንተዋወቅ እነሱ ተቃቅፈው ይገለባበጣሉ። እጮኛዬ እንኳ ትንሽ ፈገግ አለች። በዚያው ቅጽበት መብራት ጠፋ።

መብራት መጥፋቱ ብርቅ አይደለም። ብርቁ ነገር የማሽኑ በር ነው። ውስጡ ውኃ ካለ፣ መብራትም ከሌለ፣ በሩ አይከፈትም። እትዬ ሳበችው። እኔ ሳብኩት። ተራ በተራ ጎረቤቱ ሁሉ ሳበው። ከተራራው ላይ ዛፍ ወድቆ ሽቦውን በጥሶታል የሚል ወሬ መጣ፤ መቼ እንደሚጠገን ግን ወሬውን ያመጣው ሰውዬ አያውቅም። አራቱ ጋቢዎች ከመስታወቱ ጀርባ ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፈው ቀሩ።

ዓርብ ጠዋት ስሄድ ልብሱ የተቆለፈበት ሰው ሁሉ አግዳሚው ላይ ተደርድሯል። መካኒኩ ሌላ የሥራ ልብስ ስለሌለው በቁምጣና በዝናብ ካፖርት ነው የመጣው። ርዕሰ መምህሩ ከላይ ኮትና ክራቫት አድርገው ከታች የልጃቸውን የስፖርት ሱሪ ለብሰዋል። ዘወትር አንገታቸውን ቀጥ አድርገው የሚሄዱ ሰው ስለነበሩ ማንም ወደ ታች ለማየት አልደፈረም።

ሰው ሲሰበሰብ ደግሞ ምን እንደሚመጣ የታወቀ ነው። ኮሚቴ ተቋቋመ። ርዕሰ መምህሩ ሰብሳቢ፣ እትዬ ምክትል፣ ካልሲው የተቆለፈበት ሰውዬ ሒሳብ ያዥ ሆኖ ተመረጠ። ሒሳብ ያዥ ምን እንደሚይዝ የጠየቀ አልነበረም። ሰውዬው ራሱ አመስግኖ ተቀመጠ።

እኔ በተፈጥሮዬ ትዕግሥት የለኝም። «ድንጋይ አምጥተን መስታወቱን እንስበረው» አልኩ። እትዬ ጮኸች። ሰብሳቢው ለድምፅ አቀረቡት፤ ከእኔ በቀር እጁን ያወጣ የለም። እጮኛዬ እንኳ አላወጣችም፤ ስብርባሪው የእናቷን ጋቢ ይቆርጠዋል ብላ ፈርታ ነው። ሰብሳቢው በስብሰባ ሥነ ሥርዓት ላይ የቃል ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ። ከዚያ በኋላ ለመናገር እጄን ሳወጣ ሁሉ «አጠር አድርገው» ይሉኝ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው አጀንዳ የውኃው ቀለም ነው። ከመስታወቱ በስተጀርባ ያለው ውኃ ቀስ እያለ ሰማያዊ መሆኑን መጀመሪያ ያየችው እጮኛዬ ናት። እጄን ጨብጣ ያዘችኝ። ሁሉም ዞር ብሎ መካኒኩን አየው።

«የእኔ ቱታ አይደለም» አለ መካኒኩ። «የእኔ ቱታ የሚለቀውን ድሮ ለቆ ጨርሷል።»

«ታዲያ ሰማያዊ ልብስ ሌላ ማን አስገባ?» አሉ ሰብሳቢው።

«ካልሲስ?» አለ መካኒኩ።

«የእኔ ካልሲ ቡናማ ነው!» አለ ሒሳብ ያዡ ተነስቶ፤ በያዘው ሥልጣን ላይ የተቃጣ አድርጎ ነው የወሰደው።

ይህ ክርክር እስከ ምሳ ዘለቀ። በመካከሉ ውኃው ሰማያዊ መሆኑን ቀጥሏል። እጮኛዬ መስታወቱ ላይ ግንባሯን አስደግፋ «እማዬ፣ እማዬ» ትላለች በሹክሹክታ። ሌላው ሰው ማሽኑ ውስጥ ሰው ያለ እስኪመስለው ድረስ ያያታል።  ጋቢ አይደለም እንዴ፣ ይታጠባል፣ ሌላም ይሸመናል ልላት ከጀለኝና አፌ ውስጥ አስቀረሁት። የሚሸመን ሌላ እንደሌለ እኔም አውቃለሁ።

ከሰዓት በኋላ ሰብሳቢው ከጎን ያለው የጸጉር ቤት ጄኔሬተር እንዲመጣ አስወሰኑ። ጄኔሬተሩ መጣ፣ ተነሳ፣ ማሽኑ አበራና ዘፈን ብጤ አሰማ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ፤ እትዬ እልልታዋን አቀለጠችው። ማሽኑ ግን የት ላይ እንዳቆመ ረስቶታል። አዲስ ውኃ ጠጣና ከመጀመሪያው ጀመረ። ጄኔሬተሩ የጸጉር መቁረጫ እንጂ ይህን ጉድ ተሸክሞ አያውቅም፤ ሁለት ጊዜ አስነጠሰና ጭሱን ለቆ ሞተ። ልብሳችን ሙሉ ውኃ ውስጥ እንደገና ተቆለፈ።

አሁን ጸጉር ቤቱም ሥራ ፈታ። ጸጉር አስተካካዩ ተጎጂ ነኝ ብሎ ኮሚቴው ውስጥ ገባ። ግማሽ ራሱን ተስተካክሎ የቀረ ደንበኛውም ተከትሎት መጣና አግዳሚው ዳር ተቀመጠ። ማንም ምን ፈለግህ አላለውም። እሱም መስታወቱን ማየት ጀመረ።

ያን ቀን ማታ እጮኛዬን አባቷ «ጋቢዬን አውጪልኝ፤ ልየው» አሏት።

«እያናፈስኩት ነው አባዬ» አለቻቸው።

«በዝናብ?» አሉ።

ቅዳሜ ከሰዓት ከመንደሩ ሁሉ «መጣ!» የሚል ጩኸት ተነሳ። መብራት ሲመጣ ሚዛን እንደዚህ ነው የምትጮኸው። ከየቤቱ የኮሚቴው አባላት ሁሉ ሮጡ፤ ርዕሰ መምህሩ በስፖርት ሱሪው ከሁላችንም ቀደሙ። ማሽኑ ለሦስተኛ ጊዜ ከመጀመሪያው ጀመረ። አሁን ያጨበጨበ የለም። አጠበ፣ አለቀለቀ፣ ጨመቀ። አምፖሉ ብልጭ ባለ ቁጥር እጮኛዬ ክንዴን ትቆነጥጠኛለች። በመጨረሻ ማሽኑ ዘፈነና በሩ ጠቅ አለ።

ሰብሳቢው ጥቂት ቃላት ለመናገር ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ እትዬ በሩን ከፍታ ሁሉንም ወለሉ ላይ ዘረገፈችው። ቱታው ነጣ ብሏል። ቡናማው ካልሲ ሰማያዊ ሆኗል። አራቱም ጋቢዎች የጠራ የጥቅምት ሰማይ መስለዋል።

«ቱታዬ አዲስ ሆነ!» አለ መካኒኩ። አንቄ ልገድለው ነበር።

እትዬ ደጋግማ ብታጥበው እንደሚለቅ ማለችልን፤ ጊዜው ግን ከየት ይምጣ? ገና መድረቅም አለበት። ውጪ ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል። ቡና የሚደርቅባቸው አልጋዎች ባዶ ቢሆኑም ዝናብ ላይ ምን ያደርጉልናል። መንደራችን ውስጥ የማይጠፋ እሳት ያለው ዳቦ ቤቱ ብቻ ነበር። ዳቦ ጋጋሪውን ለምኜ አራቱን ጋቢ ምድጃው አጠገብ በተዘረጋ ገመድ ላይ ሰቀልናቸው። «ሊጥ እንዳይነካቸው አደራ» አልኩት። «ሊጤን እንዳይነኩት አንተ አደራ» አለኝ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ እኔና እጮኛዬ ዳቦ ቤቱ ደረስን። ጋቢዎቹ ደርቀዋል። ዳቦ ጋጋሪው አጣጥፎ ጣውላው ላይ ደርድሯቸዋል፤ አራቱም አንድ ዓይነት፣ አራቱም ሰማያዊ፣ አራቱም ትኩስ ዳቦ ይሸታሉ።

«ከአራቱ በጣም ነጩ የእማዬ ነው» ስትል ነበር የሰነበተችው። አሁን ነጭ የሚባል የለም። አንድ በአንድ ዳበሰቻቸው፣ ጉንጯ ላይ አስጠጋቻቸው። ሰዓቱ እየሄደ ነው፤ ዳቦ ጋጋሪውም ጣውላውን ይፈልገዋል።

«ይሄ ነው» አለች አንዱን አንስታ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«የእናቴን ጋቢ አጣዋለሁ እንዴ?» አለች ተቆጥታ። አመንኳት። ይዛ እየሮጠች ሄደች።

ለሽማግሌዎቹ የቀሩትን ሦስቱን አደልኳቸው። የቤንቹ አባት ጋቢውን አሽትተው «ዳቦ ዳቦ ይላል፤ ራበኝ እኮ» አሉና ለበሱት። የሒሳብ መምህሩ ቀለሙን አይተው እኔን አዩ። ጋሼ ግን አልተዉኝም።

«ይሄ ምንድነው?»

«አዲስ የአስተጣጠብ ዘዴ ነው ጋሼ። ከጅማ የመጣ።»

«ጅማ እንዲህ ነው የሚለብሱት?» አሉ እየተከናነቡ። ከዚያም በሩ ላይ ዞር ብለው አስጠነቀቁኝ። «ዛሬ መልስ አገኛለሁ ብለህ እንዳትጠብቅ። ወጉ ነው፤ ቀጠሮ ይሰጡናል። እኚህ ሰው ደግሞ ቡና እንኳ ሦስት ጊዜ ሳያሸቱ የማይገዙ ናቸው፤ ያመላልሱናል። ካልሸተትናቸው ነው እሱም።»

ሽማግሌ የላከ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ከመጠበቅ ሌላ ሥራ የለውም። እኔ ቁጭ ማለት አልቻልኩም። የፈተና ወረቀት ላርም ብዬ ለሁሉም ተማሪ ትክክል ሰጠሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። በመጨረሻ የግቢው በር ሲንኳኳ ሮጬ ከፈትኩ።

ጋሼ ናቸው፤ ያለ ጋቢ፣ በሸሚዝ ብቻ፣ ውኃው ከጢማቸው እየተንጠባጠበ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ከኋላቸው ሰማያዊ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይከተሏቸዋል። አባርረዋቸው ነው አልኩ።

«ምን ሆኑ ጋሼ?»

«ጋቢዬን ወሰዱት!»

«ማን?»

«አባቷ ናቸዋ!»

«ልጅቷስ?»

«ልጅቷንማ ሰጡን!» ብለው ጮኹብኝ። «የማወራህ ስለ ጋቢዬ ነው!»

ቤት አስገብቼ ፎጣ ሰጠኋቸው። እየተንቀጠቀጡም ቢሆን ወሬ ማሳመር አይተዉም፤ ሌሎቹ ሁለቱ እያረሟቸው ከሥሩ ነገሩኝ።

እንደ ወጉ በሩ ላይ ቆመው «ቤቶች» አሉ። ገቡ። አባቷ ሳሎኑ መሀል ቆመው ጠበቋቸው፤ እሳቸውም ሰማያዊ ጋቢ ለብሰዋል። አራት ሽማግሌ፣ አራት ሰማያዊ ጋቢ፣ ትይዩ ቆሙ። «የአንድ ዕድር ሰዎች መሰልን» አሉ የሒሳብ መምህሩ። አባቷ «ተቀመጡ» ሳይሉ፣ ጋሼም «ቆመን ነው የምንናገረው» ሳይሉ ተፋጠጡ።

ጋሼ ንግግራቸውን ሳምንቱን ሙሉ ሲያሰናዱ ነው የከረሙት። ጉሮሯቸውን ጠርገው ቀና ሲሉ ግን ዓይናቸው አባቷ ትከሻ ላይ አረፈ። ትከሻው ላይ ሲጋራ ያቃጠለው ቀዳዳ አለ። ያን ቀዳዳ ያውቁታል፤ ከዓመታት በፊት ወደ ማጂ ሲነዱ መሪው ላይ ሆነው ራሳቸው ያቃጠሉት ነው። «ሰውዬው የእኔን ጋቢ ለብሰው ቆመዋል» አሉኝ። «የገዛ ጋቢዬን ለብሰው ልጃቸውን እንዴት ብዬ ልለምን? ንግግሩ ከራሴ ላይ በነነ።»

የሚያስገርመው አባቷም የጋሼን ትከሻ እያዩ ነበር። ጠዋት ልጃቸው ያቀበለቻቸው ጋቢ የሚስታቸው እንዳልሆነ ገና ሲነኩት አውቀዋል። እንግዳ እየመጣ ነውና ልጃቸውን አላስጨነቁም። ጠፋ፣ በቃ፣ ከእሷ የቀረኝ ነገር ጠፋ ብለው በሆዳቸው ይዘው ነው የቆሙት። ያን ቀን ማንም ምንም ቢላቸው እሺ ላይሉ ቆርጠው እንደነበር በኋላ ለእጮኛዬ ነግረዋታል።

አባቷ አንድ እርምጃ ጠጋ አሉ። የጋሼን ጋቢ ጫፍ ያዙ። ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት።

«አለቀልን አልኩ» አሉ የሒሳብ መምህሩ።

አባቷ ረጅም ጊዜ አሸተቱ። ከዚያ ጋቢው መሀል ላይ ያለውን ስፌት በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። ሚስታቸው ግራኝ ነበሩ። እጃቸው የሰፋው ስፌት ከሌላ ሰው ስፌት በተቃራኒ ያዘነበለ ነው፤ ቀለም አይለውጠውም። ሴት ልጃቸው አላወቀችውም፤ እሳቸው ግን በጨለማም አይስቱትም።

«ይሄን ጋቢ ማን አለበሰዎት?» አሉ ጋሼን።

«ላውንደሪ» አሉ ጋሼ።

ጓዳ ሆና ስታዳምጥ የነበረችው እጮኛዬ ይህን ስትሰማ ወጥታ አባቷ እግር ላይ ወደቀች። መሻገቱን፣ ማሽኑን፣ ቱታውን፣ ዳቦ ቤቱን አንድ ላይ አፈረጠችው። አባቷ እየሰሙም አልነበሩም። ጋቢውን ከጋሼ ትከሻ ላይ ቀስ ብለው ገፈፉና በለበሱት ላይ ደርበው ተከናነቡት።

«ሁለቱንም ለበሱት» አሉ ጋሼ፤ ድምፃቸው ውስጥ ቅሬታው ገና አለ። «ሰው እያለቀሰ ጋቢዬን መልሱልኝ ይባላል?»

«አለቀሱ?»

ጋሼ መለስ አሉ። ፎጣውን ጉልበታቸው ላይ አጣጠፉት። «አለቀሱ» አሉ። «ከዚያ ተቀመጡ አሉን። እኔ ወጉን ልጠብቅ ብዬ፣ መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም አልኩ። እሳቸው ምን አሉ መሰለህ? ‹እኔ ቀጠሮ ልሰጣችሁ ነበር። ሦስት ጊዜ ላመላልሳችሁ ነበር። እሷ ግን አብራችሁ መጣች። እሷን በዚህ ዝናብ ቀጠሮ ሰጥቼ ልመልሳት?›»

የቤንቹ አባት ራሳቸውን ነቀነቁ። የሒሳብ መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው በሰማያዊው ጋቢ ጫፍ ጠረጉት። ጋሼ ስለ ጋቢያቸው ማማረሩን ተዉ።

እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። የላክኋቸው ሽማግሌዎች ሦስት ነበሩ፤ አራተኛዋን በሕይወቴ አይቻቸው አላውቅም።